ያውቁ ኖሯል? ቆጣሪ የማይቆጥርበት የመረጃ ጎተራ

የሳይንስ ምርምር የሚያፈሰው መረጃ እህል ቢሆን ኖሮ አንዴ ጎተራ ከገባ በኋላ ጭንቀቱ ነቀዝና አይጥ ብቻ በሆነ ነበር። ዲጂታል መረጃ ግን ተቀምጦም ይበላል፤ ምግቡም ኤሌክትሪክ ነው። ትልልቆቹ የምርምር ተቋማት ይህን በላተኛ በምን መላ ይዘውታል? እነሆ። (ዓመቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ መስፈሪያው

• የመረጃ የተለመደችው መስፈሪያ ባይት ትባላለች። ዛሬ በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» ብለው ሲጽፉ 9 ባይት አወጡ ማለት ነው።

• ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ እርከን በ1,000 እጥፍ ይዘላል፦ ኪሎባይት፣ ሜጋባይት፣ ጊጋባይት፣ ቴራባይት፣ ፔታባይት፣ ኤክሳባይት።

• 1 ኤክሳባይት ምን ያህል ነው? ባለ 64 ጊጋባይት ስልኮችን ጢም አድርገው ቢሞሉበት ከ15 ሚሊዮን በላይ ስልክ ይፈጃል። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ የዲስክ ማከማቻው ብቻ በ2023 ከዚህ አልፏል።

ቆጣሪው የሚሮጠው የት ነው?

• ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነበው ሰው ኖረም አልኖረም መሽከርከሩን አይተውም።

• አንድ ትልቅ ዲስክ ሥራ ፈትቶ ሲሽከረከር 6 ዋት ገደማ ይወስዳል። ይህ ከአንድ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል አይበልጥም። ዓመቱን ሙሉ ሲደመር ግን 52 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል።

• እስቲ እናባዛው። 1 ኤክሳባይት ለማስቀመጥ ባለ 20 ቴራባይት ዲስክ 50,000 ያስፈልጋል። ሁሉም ሥራ ፈተው ቢሽከረከሩ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራሉ። መጠባበቂያ ቅጂው፣ ዲስኮቹን የሚያዘው ኮምፒውተርና ማቀዝቀዣው ገና አልተደመሩም።

• የመረጃ ማዕከል ቁጠባ የሚለካው በአንድ ቀላል ማካፈል ነው፦ ማዕከሉ በጠቅላላው የወሰደው ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሮቹ በደረሰው ይካፈላል። መልሱ 2 ከሆነ ለሥራ በዋለ በእያንዳንዱ ዋት ላይ ሌላ አንድ ዋት ለማቀዝቀዣና ለመሳሰለው ሄዷል። መልሱ 1 የሚሆነው ብክነቱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው።

• የሳይንስ ማዕከሎች መረጃን እንደ ጓዳ ይከፋፍሉታል። ዛሬ የሚመረመረው ምድጃ ላይ እንደተጣደ ወጥ ነው፤ እሳቱ አይጠፋም፣ ዲስክ ላይ ይቆያል። የዛሬ አምስት ዓመት የሚፈለገው ግን በጣሳ እንደተቀመጠ ሽሮ ነው። ሽሮን በእሳት ላይ የሚያስቀምጥ ባለሙያ የለም።

• በ2002 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያልተፈለጉ ዲስኮችን አቁሞ ሲፈለጉ ብቻ የሚያስነሳ አሠራር አቅርበው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማንም የማይቀመጥበት ክፍል ውስጥ መብራት አይበራም።

• ፍላሽ ሜሞሪ የሚሽከረከር አካል የለውም። ይሁን እንጂ መረጃውን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነና ይህም ቀስ እያለ ስለሚያመልጥ፣ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት መርሳት አይመከርም።

ካሴት አልሞተም

• መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የቴፕ ካሴት የሚወስደው ኤሌክትሪክ ስንት ነው? ዜሮ። የዓለማችን ዘመናዊ የፊዚክስ መረጃ ቋሚ ማረፊያውን ያደረገው ብዙዎቻችን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን ያደግንበት ካሴት ዘመድ ላይ ነው።

• መግነጢሳዊ ቴፕ በ1928 የተፈለሰፈው በጀርመን ነው። ፈልሳፊው ፍሪትስ ፍሎይመር ከዚያ በፊት በሲጋራ ወረቀት ላይ የብረት ቀለም ያለው መስመር የመለጠፍ ሥራ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ቴፑም ወረቀት ላይ የተለጠፈ የብረት ብናኝ ነበር።

• ለኮምፒውተር የመጀመሪያው ቴፕ በ1951 ዩኒቫክ ከተባለው ኮምፒውተር ጋር መጣ። ፕላስቲክ አልነበረም፤ ኒኬል የተቀባ የነሐስ ጥብጣብ ነበር።

• በ1952 የወጣው የአይቢኤም 726 አንድ ጥቅል ቴፕ የሚይዘው 2 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ ስልክዎ ላይ ያለ አንድ ዘፈን እኩሌታው ውጭ ይቀር ነበር።

• የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ የ1956ቱ የአይቢኤም ራማክ፣ 50 ሳህኖች ደርድሮ፣ አንድ ቶን ገደማ መዝኖ፣ የሚይዘው 5 ሜጋባይት ነበር።

• ዛሬ ማዕከሎች በብዛት የሚጠቀሙበት ኤልቲኦ የተባለው የካሴት ዓይነት በ2000 ሲወጣ 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር። በ2021 የወጣው ዘጠነኛው ትውልድ 18 ቴራባይት ይይዛል። መጠኑ መዳፍ ያህል፣ ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ነው።

• በዚያች መዳፍ በምታህል ሣጥን ውስጥ 1,035 ሜትር ቴፕ ተጠቅልሏል። ውፍረቱ 5.2 ማይክሮሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ ይሳሳል።

• ቴፑ እስኪሞላ ድረስ በጸሐፊው ጫፍ ሥር 280 ጊዜ ይመላለሳል። ሲደመር 290 ኪሎሜትር ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሐዋሳን ማለፍ ማለት ነው። ጉዞው በሙሉ ፍጥነት 12 ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

• የድሮ ቴፖች የብረት ብናኝ እንዳይዝግ ልዩ ሽፋን ይፈልግ ነበር። የዛሬዎቹ በብዛት የተሠሩት ከባሪየም ፌራይት ነው። ይህ ከመነሻው ኦክስጅን የጠገበ ውህድ ነውና የዛገ ነገር ዳግም አይዝግም።

• በትልልቅ ማዕከሎች ካሴት የሚያመጣ ሠራተኛ የለም። ሮቦት ከመደርደሪያው አንስቶ ማንበቢያው ውስጥ ያስገባል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመልሳል። ኤሌክትሪክ የሚወስዱት ሮቦቱና ማንበቢያዎቹ ናቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ካሴቶች ይተኛሉ።

• ታዲያ ጉድለቱ ምንድን ነው? ትዕግሥት። ካሴቱ ተነስቶ፣ ገብቶ፣ ተጠንጥኖ የተፈለገው ቦታ እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። አንዴ ከጀመረ ግን በሰከንድ 400 ሜጋባይት ያፈሳል፤ ተራ ሃርድ ዲስክ አይደርስበትም።

• በ2020 አይቢኤምና ፉጂፊልም በቤተ ሙከራ አንድ ካሴት 580 ቴራባይት እንዲይዝ የሚያስችል ቴፕ አሳይተዋል። ገበያ ላይ ደግሞ አይቢኤም በ2023 ባለ 50 ቴራባይት ካሴት አቅርቧል።

• ለዚህ ሁሉ መረጃ የሚሆነውን ቴፕ የሚያመርቱት ሁለት ድርጅቶች ብቻ ናቸው፦ ፉጂፊልምና ሶኒ። ሁለቱም የጃፓን ናቸው።

• ከማንበቢያው የወጣ ካሴት ላይ ሰርጎ ገብ አይደርስም፤ መስመር የለውማ። በየካቲት 2011 አንድ የሶፍትዌር ስህተት የአንዳንድ የጂሜይል ተጠቃሚዎችን መልእክት ከዲስክ ቅጂዎች ሁሉ ላይ ባጠፋ ጊዜ፣ ጉግል መልእክቶቹን የመለሰው ከቴፕ ነው።

ሰርን፦ የሚጥለው ከሚያስቀምጠው ይበልጣል

• ከሁሉ የሚቆጥበው መረጃ ያልተጻፈው ነው። በሰርን 27 ኪሎሜትር ዙሪያ ባለው የምድር ውስጥ ቀለበት የፕሮቶን ጭፍሮች በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። የሚፈልቀው ጥሬ መረጃ ሁሉ ይቀመጥ ቢባል በሰከንድ 1 ፔታባይት ያህል ይደርስ ነበር።

• ስለዚህ ወንፊት አለ። የመጀመሪያው ወንፊት 40 ሚሊዮኑን ወደ 100,000 ያወርዳል፤ በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ይወስናል። ሁለተኛው 100,000ውን ወደ 1,000 ገደማ ያወርዳል። ከ40,000 አንዱ ይተርፋል፤ የቀረው ለዘላለም ይጠፋል።

• ኤልኤችሲቢ የተባለው የሰርን ሙከራ ከ2022 ጀምሮ የመጀመሪያውን የማጣራት ሥራ የሰጠው ለቪዲዮ ጌም በተፈለሰፉት የግራፊክስ ካርዶች ነው።

• የተረፈውም ይቀነሳል። ሲኤምኤስ በተባለው ሌላው የሰርን ሙከራ የአንድ ግጭት ጥሬ መዝገብ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለአብዛኞቹ ጥናቶች የሚበቃው ጭማቂ ግን 1 ወይም 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ተማሪው ጭማቂውን ይዞ ሲሠራ ጥሬው ቴፕ ላይ ይተኛል።

• ሰኔ 29 ቀን 2017 በሰርን የቴፕ ቤት የተቀመጠው መረጃ 200 ፔታባይት ደረሰ።

• ሁሉም አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከ40 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ 170 ያህል የኮምፒውተር ማዕከሎች መረጃውን ተከፋፍለው ያስቀምጣሉ፣ ያሰላሉ። የዓለም አቀፉ ድር የተወለደውም እዚያው ሰርን ውስጥ በ1989 መሆኑን ልብ ይበሉ፤ መነሻው የተመራማሪዎች መረጃ መካፈል ነበር።

• ሰርን ማሽኖቹ በሥራ ላይ በሆኑበት ዓመት 1.3 ቴራዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይወስዳል። አብዛኛውን የሚበሉት ፕሮቶኖቹን የሚያስሮጡት ማፍጠኛዎቹ ናቸው። በየዓመቱ ለጥገና የሚቆሙትም በአውሮፓ ብርድ ወራት፣ ሕዝቡ ለማሞቂያ ኤሌክትሪክ በሚሻማበት ጊዜ ነው።

ቆጣቢ ሒሳብ

• የሰው ልጅ ዘረ መል 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። የሁለት ሰዎች ግን ከ1,000 ፊደል 999ኙ አንድ ነው። ስለዚህ የዘረ መል መዛግብት አንድ ማመሳከሪያ ይዘው ልዩነቱን ብቻ የሚመዘግቡበት ስልት አላቸው። የማይለያየውን ደጋግሞ መጻፍ መብራት ማባከን ነው።

• አንድን መረጃ ከጥፋት ለመጠበቅ ሦስት ቅጂ ቢያደርጉት ዲስኩም መብራቱም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ሌላ መንገድ አለ፦ መረጃውን 10 ቦታ ከፍሎ በሒሳብ የተሠሩ 2 ተጠባባቂዎች መጨመር። ከ12ቱ ማናቸውም ሁለት ቢጠፉ የቀሩት ጎዶሎውን ይሸፍናሉ፤ እንደ እድር። ትርፉ ወጪ 20 በመቶ ብቻ ነው።

• የዚህ ሒሳብ መሠረት የሆነውን ስልት ሁለት አሜሪካውያን፣ ሪድና ሰለሞን፣ በ1960 አወጡት። የተቧጨረ ሲዲ ሳይንተባተብ የሚዘፍነውም በእሱ ነው።

• መረጃ መሰረዝም ኃይል ይጠይቃል። የአይቢኤሙ ሮልፍ ላንዳወር በ1961 እንዳሳየው አንዲት የመረጃ ነጥብ ለመደምሰስ የፊዚክስ ሕግ ራሱ የሚያስከፍለው ዝቅተኛ ሙቀት አለ። በ2012 ፈረንሳይ ውስጥ በሙከራ ተረጋግጧል። መጠኑ ግን እጅግ ከማነሱ የተነሳ የዛሬ ኮምፒውተሮች ገና አጠገቡ አልደረሱም።

በአውሮፕላን የተጓዘው ጥቁር ጉድጓድ

• ሚያዝያ 10 ቀን 2019 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል መረጃ በኢንተርኔት አልተጓዘም። በ2017 ስምንት ቴሌስኮፖች የሰበሰቡት 5 ፔታባይት ያህል መረጃ ግማሽ ቶን በሚመዝኑ ዲስኮች ተጭኖ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካና ጀርመን ተወሰደ።

• የደቡብ ዋልታው ዲስክ ግን ቀረ። በዚያ ጨለማና ብርድ ወራት አውሮፕላን ስለማያርፍ ከሚያዝያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መጠበቅ ግድ ሆነ።

• ተራ ሃርድ ዲስክ ተራራ ላይ ይታመማል። አንባቢው ጫፍ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ትራስ ላይ ነው፤ አየር ሲሳሳ ትራሱ ይከሳል። አብዛኞቹ ተራ ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ እንዲሠሩ የተነደፉ ናቸው። የእንጦጦ የሥነ ፈለክ ታዛቢ ጣቢያ ራሱ ከዚህ በላይ ነው።

• መፍትሔው ሂሊየም ነው። በሂሊየም ተሞልተው የታሸጉ ዲስኮች የውጭ አየር አይመለከታቸውም። ጥቁር ጉድጓዱን ያነሱት ቴሌስኮፖች የተጠቀሙት እነዚህን ነው። ሂሊየም ከአየር ሰባት ጊዜ ስለሚቀል ሳህኑን የሚገጥመው ሰበቃ ያንሳል፤ ዲስኩም ያነሰ ኤሌክትሪክ ይወስዳል።

• በቺሊ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአልማ ቴሌስኮፕ ታላቅ ኮምፒውተር ግን ጭራሽ ዲስክ የለውም። ምክንያቱ ያው ስስ አየር ነው።

• እዚያው ቺሊ ያለው የቬራ ሩቢን ታዛቢ ጣቢያ ካሜራ 3,200 ሜጋፒክስል ነው። የመጀመሪያ ምስሎቹ በሰኔ 2025 ይፋ ሆኑ። በየሌሊቱ 20 ቴራባይት ያህል ይሰበስባል፤ ዕቅዱም ለ10 ዓመት ነው።

• በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ በመሠራት ላይ ያለው የኤስኬኤ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሲጠናቀቅ በየዓመቱ 700 ፔታባይት ያህል መረጃ ለመዝገብ እንደሚያስረክብ ይጠበቃል። ይህም ተጣርቶ የተረፈው ነው።

• እዚያው ደቡብ አፍሪካ በ2009 ዊንስተን የተባለች ርግብ 4 ጊጋባይት እግሯ ላይ አስራ ወደ ደርባን በረረች። ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ደረሰች፤ መረጃው ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ባለቀ ጊዜ በዚያው መንገድ በኢንተርኔት የተላከው ገና 4 በመቶ ነበር። የነዳጇ ወጪ እፍኝ ጥሬ ነው።

ሙቀቱም ሀብት ነው

• በ2024 የተመረቀው የሰርን የፕሬቬሳን የመረጃ ማዕከል ከኮምፒውተሮቹ የሚወጣውን ሙቀት ሰብስቦ በግቢው ያሉትን ሕንፃዎች እንዲያሞቅ ሆኖ ተሠርቷል። ቀደም ሲል ያየነው የማካፈል ውጤትም 1.1 አካባቢ እንዲሆን ነው የታሰበው።

• በፊንላንድ ካያኒ ከተማ የሚገኘው ሉሚ የተባለው ታላቅ ኮምፒውተር የተተከለው በቀድሞ የወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሚሠራው ከውሃ በሚመነጭ ኃይል ሲሆን፣ ሙቀቱ ለከተማዋ ማሞቂያ ከሚያስፈልገው አንድ አምስተኛ ያህሉን እንዲሸፍን ታቅዷል።

• የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ኮምፒውተሮቹንና ቴፖቹን ከእንግሊዟ ሬዲንግ ወደ ጣሊያኗ ቦሎኛ ሲያዛውር ያረፈው በቀድሞ የትምባሆ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከሲጋራ ወረቀት የተወለደው ቴፕ ዞሮ ዞሮ ትምባሆ ቤት ገባ።

• ይኸው ማዕከል የመላውን ዓለም የአየር ሁኔታ ከ1940 ጀምሮ በየሰዓቱ አስልቶ አስቀምጧል። የኢትዮጵያን ድርቅና ዝናብ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ከዚህ መዝገብ ይቀዳሉ።

• ማይክሮሶፍት በ2018 በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች አቅራቢያ 864 ሰርቨሮችን በታሸገ በርሜል ባሕር ውስጥ አሰጠመ። ማቀዝቀዣው ባሕሩ ራሱ ነበር። በ2020 ሲወጣ የተበላሹት ሰርቨሮች በየብስ ካሉት አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ።

• በኖርዌይ ስቫልባርድ በተዘጋ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ መረጃ በፊልም ላይ ታትሞ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ምድሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። በ2020 ጊትሀብ ከተባለው የሶፍትዌር ድረ ገጽ የተወሰደ 21 ቴራባይት የሶፍትዌር ጽሑፍ በ186 ጥቅል ፊልም ገብቶ ተዘጋበት።

ነገ ምን ላይ እንጽፍ?

• መስታወት ላይ፦ በ2019 ማይክሮሶፍት የ1978ቱን የሱፐርማን ፊልም ከመዳፍ በምታንስ፣ 2 ሚሊሜትር በምትወፍር መስታወት ውስጥ በሌዘር ጽፎ አሳይቷል። ከተጻፈ በኋላ ለመቀመጥ መብራት አይጠይቅም።

• ዲኤንኤ ላይ፦ በ2017 የኒውዮርክ ተመራማሪዎች በአንድ ግራም ዲኤንኤ ውስጥ 215 ፔታባይት ማስቀመጥ የሚያስችል ስልት አቀረቡ። ችግሩ ዋጋው ነበር፤ ለ2 ሜጋባይት መጻፊያ ብቻ 7,000 ዶላር ወጣ።

ጠባቂ ሲጠፋ

• ናሳ በ2009 እንዳስታወቀው የሰው ልጅ በ1969 ጨረቃን ሲረግጥ የተቀዳባቸው ዋና ቴፖች ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ አልቀሩም። ለዓለም በቴሌቪዥን የተላለፈው ተረፈ፤ የጠራው ምንጭ ግን ጠፋ።

• በ1966 እና 1967 ጨረቃን የዞሩት የናሳ መንኮራኩሮች የቀዷቸው 1,500 ያህል ቴፖች ግን ተርፈዋል። ማንበቢያዎቹን ለዓመታት በመኪና ቤቷ ያስቀመጠችው የናሳዋ ናንሲ ኤቫንስ ናት። ከ2008 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተዘጋ የማክዶናልድ ምግብ ቤት ተጠግነው ምስሎቹ ካለፈው ጊዜ ጠርተው ወጡ።

• በታኅሣሥ 2021 በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ሲታደስ በተፈጠረ ስህተት 77 ቴራባይት የምርምር መረጃ ተደመሰሰ።

• እንግሊዞች በ1086 የአገራቸውን ሀብት በበግ ብራና ላይ መዘገቡ። በ900ኛ ዓመቱ፣ በ1986፣ ቢቢሲ አዲስ መዝገብ በሌዘር ዲስክ አወጣ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ብርቅ ሆነ። ብራናው ዛሬም ይነበባል።

• ብራና ከተነሳ፣ በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ይህን ሁሉ ዘመን ሲኖሩ አንዲት ዋት አልወሰዱም።

• ይሁንና ሳይነበቡ የኖሩ አይደሉም። በየትውልዱ ግዕዝ የሚያውቅ፣ ሲያረጅ የሚጠርዝ፣ ጦርነት ሲመጣ የሚደብቅ ሰው ነበራቸው።

• ካሴትም እንዲሁ ነው። ቴፑ በደንብ ከተያዘ 30 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ማንበቢያው ግን አይጠብቀውም። ስምንተኛው የኤልቲኦ ትውልድ ማንበቢያ ሰባተኛውን ያነባል፤ ስድስተኛውን አያውቀውም።

• ለዚህ ነው ሰርን ማፍጠኛው ለረጅም ጥገና በሚቆምበት ጊዜ የቴፕ ቤቱ ሥራ የሚበዛበት። አሮጌው ቴፕ በሙሉ እየተነበበ ወደ አዲሱ ትውልድ ይገለበጣል፤ እንደ ቁም ጸሐፊ። በዚያ ጎተራ ቆጣሪው ዝም ይላል፤ ገልባጩ ግን አያርፍም።